የማንጎና የአቮካዶ ማቆያ ሣጥን፦ የሥራ ማስታወሻ

ከጡቡ በፊት

ዛፎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ለጥቂት ሳምንት ከሚበላውም ለሰው ከሚሰጠውም የሚተርፍ ፍሬ አለ፤ ከዚያ ባዶ ነው። መሃል ላይ ያለው ይበሰብሳል። ሐሳቡ መብራት የማይፈልግ ማቆያ ሣጥን ሠርቶ ይህን መደራረብ ማቅለል ነው። ዋናዎቹ ማንጎና አቮካዶ ናቸው። ትንሽ ሙዝና ብርቱካንም አለ።

ፍሪጅ ለምን አልሆነም? አንደኛ አይበቃም። ሁለተኛው ይብሳል። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥሬ ማንጎ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ በታች ከከረመ ብርድ ይመታዋል፤ ቆዳው ይጎደጉዳል፣ ይጠቁራል፣ ካወጡት በኋላም በወጉ አይበስልም። ሙዝም ከ13 በታች ቆዳው ይጠቁራል። ፖም ግን 0 ዲግሪ ላይ ወራት ይቆያል። ስለዚህ የምፈልገው ብርድ ሳይሆን ቅዝቃዜ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከፍ ያለ።

ንድፉን እኔ አልፈጠርኩትም። በሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ያወጡት የጡብ ማቆያ ነው። ሁለት ግድግዳ፣ በመሃላቸው 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ውሃ። ውሃው በጡቡ በኩል ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህንኑ መርህ በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች ሠርቶ በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ማሰሮው ለጓዳ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ዛፍ ምርት ግን አይበቃም። ወደ ጡቡ ሄድኩ።

ጡብ ከማምጣቴ በፊት አንድ ቀላል ምርመራ አደረግሁ። ሁለት ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን፤ የአንዱን ጫፍ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማራገብ። የደረቁ 31 ሲል እርጥቡ 20 ላይ ቆመ። በትነት የሚሠራ ማቆያ ከእርጥቡ ንባብ በታች መውረድ አይችልም፤ የተፈጥሮ ወሰኑ እዚያ ነው። ልዩነቱ 11 ዲግሪ ስለሆነ ሥራው ያዋጣል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ስለካ ግን ልዩነቱ 3 እንኳ አልሞላም። አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነበት አካባቢ ያለ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆምና ጡቡን ለሌላ ሥራ ቢያውለው ይሻለዋል።

ግንባታ

ዕቃው፦ ያልተለሰነ የሸክላ ጡብ፣ የወንዝ አሸዋ፣ ለክዳኑ የእንጨት ፍሬምና ጭድ፣ የቃጫ ጆንያ፣ አንድ በርሜል፣ የጠብታ መስኖ ቱቦ። ለልኬት ሁለት ቴርሞሜትር፣ የእርጥበት መለኪያና የወጥ ቤት ሚዛን። ከሁሉም ውዱ ጡቡ ነው። ከፈረሰ ግድግዳ የተረፈ ካለ ወጪው ከግማሽ በላይ ይወርዳል፤ ለውበት አይደለምና የተሸራረፈም ይሆናል። ብሎኬት ግን አይሆንም፤ ውሃውን እንደ ሸክላ ጡብ አይመጥም። ሲሚንቶ መለሰንም ያው ነው፤ ትነቱን ይዘጋዋል።

ቦታው ጥላ፣ ነፋስ የሚያገኝና ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከፍታው ውሃ እንዳያቁር ነው። ወለሉን አንድ ረድፍ ጡብ አነጠፍኩ፤ በዚያ ላይ ሁለቱን ግድግዳዎች አቆምኩ። ቁመቱ እስከ ወገብ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ውስጡ ታች ያለውን የፍሬ ሣጥን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ወገብ ይቀጫል።

አሸዋው ችግር አመጣ። የመጀመሪያው ጭነት አፈር የበዛበት ነበር። ሲርስ ጭቃ ሆነ፣ ሲደርቅ ተጋግሮ ተሰነጠቀ፤ ውሃውም በስንጥቁ በኩል ሽቅብ ሳይል ቁልቁል ብቻ ፈሰሰ። አውጥቼ በሌላ ተካሁት። አሁን ከመጨመሬ በፊት በማሰሮ ውሃ ውስጥ እበጠብጠዋለሁ፤ ውሃው ቶሎ ከጠራ አሸዋው ደህና ነው። ጨዋማ አሸዋም አይመረጥም፤ ጡቡ ላይ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ክዳኑ ላይ ጭድ በጆንያ ተሰፍቷል። እሱም መርጠብ አለበት። ከበላዩ ለብቻው ቀለል ያለ የሣር ዳስ አለው። ያለ ዳሱ ቀትር ላይ ፀሐይ ክዳኑን ስታገኘው ውስጡ በአንዴ 4 ዲግሪ ወጣ።

ውሃ ማዳረስ

ውሃውን በባልዲ ማጠጣት ሁለት ቀን ደህና ነው፣ ከዚያ ያሰለቻል። በርሜሉን ከግድግዳው በላይ ሰቅዬ የጠብታ ቱቦ በአሸዋው አናት ዙሪያ ዘረጋሁ። ለበርሜሉ ቅርብ ያሉት ቀዳዳዎች ብዙ ያፈስሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ጥግ ደረቅ ነው። ጡቡን በእጅ መዳሰስ ይበቃል፤ ያ ጥግ ሞቃት ነበር። የቱቦውን ጫፍ መልሼ ከመነሻው ጋር አገናኝቼ ቀለበት ሳደርገው ግፊቱ ተስተካከለ። የላይኛው ረድፍ ጡብ አሁንም ቶሎ ይደርቃል፤ እሱን ማታ ማታ በእጅ አጠጣለሁ።

ወጪው እዚህ ላይ አያልቅም። ቀኑ እንደ ሙቀቱ አንድ ሁለት ጀሪካን ይፈጃል። ፍሬ የታጠበበት ውሃ አሸዋው ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሽታ ያመጣል። ውሃ የሚወደድበት ቦታ ያለ ሰው ይህንን ከጡቡ በፊት ያስላው።

ባዶውን ስለካ፦ ውጭ 31፣ ውስጥ 22። ሌሊት ደግሞ ውጭ 16፣ ውስጥ 18። የወደድኩት ይሄን ነው። ከቅዝቃዜው ይልቅ ውጣ ውረዱ መቀነሱ። የእርጥበት መለኪያው 98 በመቶ አለ፤ አላመንኩትም። ርካሽ መለኪያ ይዋሻል። ለማረም መለኪያውን ከአንድ የጠርሙስ ክዳን እርጥብ ጨው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ማሳደር ነው። ውሃ ጠብ የተደረገበት ጨው (ይርጠብ እንጂ አይሟሟ) ዙሪያውን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። የእኔው 81 አነበበ። ስለዚህ 6 እቀንሳለሁ። ማቆያው 92 አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ለአብዛኛው ፍሬ የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 ስለሆነ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ጭነት፦ ማንጎ

ቀትር ላይ የተለቀመ ማንጎ ገባ። የውስጡ ሙቀት ወደ 27 ወጣና እስከ ማታ አልወረደም። ማቆያው ተበላሽቶ አይደለም። ትነት የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ የጠጣውን ሙቀት ይዞ ገብቷል፤ በዚያ ላይ ራሱም ሙቀት ያመነጫል። የተለቀመ ፍሬ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ውሃ ይለቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ፍሬው ከዛፍ ሥር ፀሐይ ላይ የሚቆይበት አንድ ከሰዓት በኋላ ከማቆያው የሚገኘውን ትርፍ ቀድሞ ይበላዋል።

ከዚያ ወዲህ ለቀማው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጤዛው ጠፍ ሲል። ጥላ ውስጥ ተለይቶ ፀሐይ ሳይበረታ ይገባል።

ማንጎ ሌላም ጣጣ አለው። ከቅርንጫፉ ሲነጠል የሚረጨው ፈሳሽ ቆዳውን ያቃጥላል። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ በማግስቱ ጥቁር መስመር ይሆናል፣ ሻጋታም በዚያ ይገባል። አሁን በመግረዣ መቀስ ዘንጉን ረዘም አድርጌ እቆርጣለሁ። ጥላ ውስጥ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር አሳጥሬ ፍሬውን በወንፊት አልጋ ላይ አፉን ቁልቁል እደፋዋለሁ። ፈሳሹ ቆዳውን ሳይነካ መሬት ይንጠባጠባል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ከዚህ በኋላ ጥቁር መስመር ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከዛፍ መሬት የወደቀ ማንጎ ማቆያ አይገባም። ምንም ቢያምር። ምቱ ውስጥ ውስጡን ነው፤ ከላይ ሳይታይ ሥጋው ይላሽቃል። የወደቀው ለጭማቂ ይሂድ። ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ከረጢት አስሮ መልቀም ከማንኛውም ኬሚካል በላይ ጠቅሟል። በየፍሬ ሣጥኑ ውስጥም ሁለት ድርብ ብቻ ነው የማስቀምጠው፤ ሦስተኛው ድርብ ታች ያሉትን ይጫናል።

ክብደት

ምልክት የተደረገባቸው ፍሬዎች በየተወሰነው ጊዜ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ጠረጴዛ ላይ የቀሩ መሰሎቻቸው ለንጽጽር አሉ። ልዩነቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ብዙ ፍሬ ከክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ውሃ ሲያጣ መጨማደዱ በዓይን ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እዚያ ሲደርሱ ማቆያው ውስጥ ያሉት ገና 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ቁጥሩን ስመለከት የገባኝ ይህ ሣጥን በሙቀቱ ከሚያደርገው ይልቅ በእርጥበቱ የሚያደርገው እንደሚበልጥ ነው። ለብርቱካን በተለይ። ብርቱካን ከዛፍ ከወረደ በኋላ አይበስልም፤ የሚያጣው ውሃ ብቻ ነው። ማቆያው ውስጥ ብዙ ጣጣ ሳያመጣ ከረመ፤ ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሻጋታ

እርጥበቱ ዋጋ አስከፈለ። ማንጎዎቹ መብሰል ሲጀምሩ ጥቁር ነጥቦች ወጡባቸው፤ ነጥቦቹ ተያይዘው ሰፉ። አንትራክኖዝ ነው። ይህ ፈንገስ ማቆያ ውስጥ የመጣ አይደለም። ፍሬው ዛፍ ላይ ገና ለጋ ሳለ ይገባና ቆዳው ሥር ያደፍጣል፤ ሲበስል ይነሳል። ስለዚህ ላዩን ማጠብ ብቻውን አይነቅለውም።

ሁለት ነገር ሞከርኩ።

አንዱ እጥበት ነው፤ ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚተላለፈውን ለመቁረጥ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ሲገባ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ይሆናል። ለፍራፍሬ እጥበት ከ100 እስከ 200 የተለመደ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቦ ማስላት ያስፈልጋል፤ ከርሞ የቆየ በረኪናም ይዳከማል። ውሃው ሲደፈርስ መቀየር አለበት፤ አፈሩና ሙጫው ክሎሪኑን ይበላዋል። ኮምጣጤ መጨመር ኃይሉን ያጎለብታል የሚል ምክር ይሰማል። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። እኔ አልነካካውም።

ስለ ውሃው ሙቀት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሞቃት ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ያን ጊዜ በዘንጉ ጠባሳ በኩል ውሃ ይስባል፤ ከውሃው ጋር ጀርሙንም። የማጠቢያው ውሃ ከፍሬው 5 ዲግሪ ያህል ሞቅ ቢል ይህ አይሆንም። ጠዋት የተለቀመ ፍሬ እዚህም ይጠቅማል፤ ውሃውን ለብ ማድረግ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙቅ ውሃ ነው። 52 ዲግሪ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ቆዳ ሥር ያደፈጠውን የሚደርስበት ይህ ነው። ሥራው ድስቱ ላይ ነው ያለው። ፍሬው ሲገባ ውሃው ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ እሳት ሲጨመር ደግሞ ከ52 ያልፋል። 55 ያለፈበት ድስት ማንጎውን ለበለበው፤ ቆዳው ቡናማ ሆነ። መፍትሔው ትልቅ ድስት፣ ጥቂት ፍሬ፣ እሳቱን ቀድሞ መቀነስና ሙቅ ውሃ በጣሳ እየጨመሩ ማስተካከል ሆነ። ያልጎመራ ፍሬ ቶሎ ይለበለባል፤ እሱ አይገባም። ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ወደ ማቆያው። ነጥቡ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ከሙቅ ውሃ የወጡት ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጡ ማንም ይለያቸዋል።

ኤቲሊን

ሙዙን ከአቮካዶው ጋር አንድ ላይ ማስገባት አይቻልም። ሙዝ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ቲማቲም ይህን ጋዝ ሲያገኙ መብሰል ይጀምራሉ፤ ሲበስሉ ራሳቸውም ይለቃሉ። አንድ ፍሬ ቀድሞ ከለሰለሰ ሣጥኑ ሁሉ ይከተላል። ነገሩ ድሮ የታወቀ ነው፦ በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የሚባል ሩሲያዊ ተመራማሪ የአተር ቡቃያን የሚያጣምመው ከመብራት ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን አሳየ፤ በ1934 ደግሞ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ ፍሬዎች ራሳቸው እንደሚያመነጩት አረጋገጠ።

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባል ኬሚካል ኤቲሊንን ያጠፋል። ጠመኔ በወፍራም ብጥብጡ ነክሬ፣ አድርቄ፣ በጨርቅ ከረጢት ሰቀልኩ። ሐምራዊ ሆኖ ይገባል፣ ሥራውን ሲጨርስ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ ምቹ ነው፣ መቼ እንደሚቀየር ይናገራል። ግን በዚህ እርጥበት ከረጢቱ ረጠበና አንጠባጠበ፤ እንጨቱም ጣቴም ጠቆረ። ፍሬ ጭራሽ መንካት የለበትም። ከታቹ ሳህን አስቀምጬ ቀጠልኩ። ለውጡ? አለ ለማለት ይከብዳል፤ ማቆያው አየር ስለሚያስገባ ጋዙ በአንድ ቦታ አይጠራቀምም። በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍቶ የለሰለሰውን መልቀም ከከረጢቱ በላይ ሠራ።

ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት 1-ኤምሲፒ የሚባል ጋዝም አለ። ፍሬው ኤቲሊንን የሚቀበልበትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲስለርና ብላንከንሺፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ነው። አየር የማያስወጣ ክፍል ስለሚፈልግ የጡብ ሣጥን አይሆነውም። ተውኩት።

ላስቲክ

በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፣ ፍሬው አተነፋፈሱን ይቀንሳል። ኪድና ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ፖም ላይ ያጠኑት መርህ ነው። ትላልቆቹ መጋዘኖች ጋዙን በማሽን ይቆጣጠራሉ። እዚህ ማሽን የለም። ሙሉ በሙሉ የታሸገው ማንጎ ሲከፈት ጠጅ ጠጅ ሸተተ። ኦክስጅን ሲያልቅ ይቦካል። በመርፌ የተበሳው ደህና ነው፤ ግን ማቆያው እርጥበቱን ስለሰጠ ላስቲኩ የጨመረው ነገር የለም። የንብ ሰም መቀባትም ተመሳሳይ ነው፤ ትንሽ ወፈር ካለ አየሩን ይዘጋል። ሁለቱንም ተውኩ።

አቮካዶ፦ ዛፉ ላይ

ይህን ቀድሞ ማወቅ ጡብ ይቆጥብ ነበር። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። የጎመራ ፍሬ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ መቆየት ይችላል፤ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉን አንዴ አውርዶ ማቆያ መፈለግ ትርጉም የለውም። ትልልቁን ቀድሞ፣ ሌላውን በየዙሩ።

የጎመራ መሆኑን ማወቅ ነው ችግሩ። ቀለም አያሳይም። የሚሠራው የደረቅ ይዘት ልኬት ነው፦ ከሥጋው 10 ግራም ፍቆ፣ በማይክሮዌቭ በዝቅተኛ ኃይል ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማድረቅ፣ መመዘን። 2.3 ግራም ከቀረ 23 በመቶ ነው። እንደ ዝርያው ከ21 እስከ 23 በመቶ የደረሰ በወጉ ይበስላል፤ ያልደረሰው ላስቲክ ሆኖ ይጨማደዳል። ኃይሉ ከበዛ ሥጋው ያርራል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። አንድ ፍሬ መሥዋዕት ነው፤ ከአንድ ሙሉ ሣጥን ይሻላል።

ለማብሰል ሲፈለግ ከሙዝ ጋር በካርቶን መክደን ይበቃል። አንዳንድ ቦታ ለዚህ ካርባይድ ይደረጋል። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን ያወጣል፤ አብረው የሚመጡት የአርሰኒክና የፎስፈረስ ርዝራዦች ለጤና አደጋ ናቸው፣ በብዙ አገሮችም ለዚህ ሥራ የተከለከለ ነው። እኔ ጋ ቦታ የለውም።

አሁን ያለበት

ማቆያው ለማንጎና ለብርቱካን ተመደበ፤ ሙዝ ውጭ ጥላ ላይ፣ አቮካዶ ዛፉ ላይ። የተሰነጠቀው የላይኛው ረድፍ ጡብ ይቀየራል። ለሚቀጥለው ምርት ሁለት ሥራ አለ። ማንጎው ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ የደረቁትን ቅርንጫፎች ገርዞ ከዛፉ ሥር ማስወገድ፤ አንትራክኖዙ የሚከርመው እዚያ ነው። ሌላው ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር መውጫ መክፈትና ማታ ማታ ብቻ መግለጥ፤ ሌሊት ውጭው ከውስጡ ስለሚቀዘቅዝ ያንን 2 ዲግሪ ያለ ውሃ ማግኘት ይቻላል። ከፍቼ ስለካው ቁጥሩን እዚህ እጨምራለሁ።